ጉም በር ላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ

ሰኔ መግቢያ ላይ ሀብታሙ የአባቴን ፋኖስ በፌስታል ጠቅልሎ ላሊበላ ቤቴ ድረስ ይዞት መጣ። ሀብታሙ የታላቅ እህቴ የልጅ ልጅ ነው። ጨዋ ነው፤ ጉልበት ስሞ ነው የሚቀመጠው፤ ግን የነገሩትን በአንዱ ጆሮው አስገብቶ በሌላው የሚያፈስ ልጅ ነው። «እማማ፣ ይችን ብርጭቆዋን ሳልሰብራት እንዴት ላውጣት? የእርስዎ እጅ ያውቀዋል ብዬ ነው» አለኝ። ፌስታሉን ስፈታው ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው። ላምባ! ቆርቆሮውን ዝገት በልቶታል፣ ሆዱ ውስጥ ጠብታ የለም፣ ሽታው ግን እንዳለ አለ። በዚያ ፋኖስ ሥር ያደግነው ሰዎች አንድ በአንድ አልቀን እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ ሽታውን ግን ሞት የነካው አይመስልም። የጎረቤቴ ቴሌቪዥን እየጮኸ፣ ሀብታሙ መልስ እየጠበቀ፣ እኔ በሐሳብ ወደ ጉም በር ሄድኩ።

ጉም በርን የዛሬ ሰው ብዙም አያውቀው። ከሙጃ ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚመጣ ሰው ደጋውን ጨርሶ ቁልቁለቱን ከመያዙ በፊት፣ ከአሸተን ማርያም በላይ፣ የድንጋይ መደርደሪያ በምትመስል ጠባብ ሜዳ ላይ ያልፋል። በቀኙ አለት ነው፣ በግራው ገደል። ሜዳዋ መሐል ላይ ገደሉ ወደ ውስጥ ገብቶ መሬቱን ገምጦታል፤ ከግማጩ ወዲህ ደግሞ አንድ ሹል ድንጋይ ወደ ገደሉ አፍጥጦ ወጥቷል፤ እኛ «አፍንጫው» እንለዋለን። የእኛ ቤት ከሜዳዋ ጫፍ፣ አለቱ ሥር ነበረ። ከመንገዱ አፍ ተነስቶ ወደ ቤታችን ቀጥ ብሎ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ሸጋ ነው፤ በብራ ቀን ሕፃን ይሮጥበታል። ክረምት ሲሆን ግን ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳና በእኩለ ቀን የገዛ እጅን ይደብቃል። ስለዚህ የእኛ ቤት ሥራ መብራት ማብራት ነበር። አለቱ ላይ የተፈለፈለች መስኮት አለች፤ መብራቱ እዚያ ይቀመጣል። ሕጉም አጭር ነው፤ መብራት ካየህ ቀጥ ብለህ ና፤ መብራት ካጣህ ካለህበት ቁጭ በል። የሙጃ ልጅ አባታችን ሆይን ሳይጨርስ ይህን ይማር ነበር።

ቤታችን «መብራት ቤት» ይባላል። ቅድመ አያቴ የጽድ እንጨት ነው የሚያነድ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አንዳንድ ፍልጥ ደጃፋችን ጥሎ ያልፋል። ፋኖሱን ያመጣው አያቴ ነው፤ ከደሴ በእግሩ፣ ብርጭቆው እንዳይሰበር በጭድ ጠቅልሎ፣ እንደ ጨቅላ አቅፎ። ከዚያ ወዲህ ፍልጡ ቀረና ገበያተኛው ላምባ ያመጣ ጀመር። የአረቄ ጠርሙስ ውስጥ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ፣ አንዳንዷ ባልቴት ደግሞ በስኒ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እየተጨነቀች። ያኔ ስሙኒ ይዞ ከላሊበላ ገበያ ጥግ፣ ከወይራው ሥር ካለችው ሱቅ የሄደ ሰው ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ይሞላለታል። ዛሬ በዚያ ቦታ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ ወይራውም የለም። የገበያ ቀን ደጃፋችን እንዴት ይደምቅ ነበር! ወንዶቹ ባናቸውን ደርበው፣ ሴቶቹ ቅቤያቸውን በቅል አዝለው፣ ኮረዶቹ ኮንጎ ጫማቸውን እንዳያልቅባቸው በእጃቸው አንጠልጥለው። ጫማ የሚገዛው ለእግር ሳይሆን ለከተማ ነበር። ኮረዶቹ ሲያልፉ ለእኛ ቤት የሚዘፍኑት ነበራቸው፤

ጉም በር ላይ ሰው አለ፣ መብራት የሚያበራ፣
ቀጥ ብለህ ና አለኝ፣ አልሄድም በግራ።

እኛ ግን ይህን ዘፈን አንዘፍነውም። ገደሉ ከመብራት ቤት በየትውልዱ አንድ ሰው ይወስዳል ይባል ነበር። የቅድመ አያቴን ሴት ልጅ እንጨት ስትለቅም ወስዷታል። የአያቴን ወንድም ጠፍታ የነበረች ፍየል ሲፈልግ ወስዶታል። አባቴ መብራቱን ሲለኩስ መጀመሪያ ያማትባል፤ ቀጥሎ ወደ ገደሉ ዞሮ «ደህና ዋልክ» ይለዋል። ለጎረቤት ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ነው የሚለው፣ ሳይስቅ። ሰው ሁሉ ገደሉን ሰላም የሚል ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ እንግዳ መሆኑን ያወቅሁት ላሊበላ አግብቼ ከወረድኩ በኋላ ነው። አባቴ ስለ ገደሉ አንድ ነገር ደጋግሞ ያስጠነቅቀን ነበር። «ጉም ሲሆን እውነተኛውን ድምፅ ጉሙ ያፍነዋል፤ የገደሉ ማሚቶ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል። ሰው ከወዲህ ይጠራችኋል፣ ገደሉ ከወዲያ ይመልስላችኋል። ስለዚህ በጆሯችሁ አትመኑ፤ መብራቱም ማንንም ሊቀበል አይሂድ። ሰው ነው ወደ መብራቱ የሚመጣው» ይለናል።

ወንድሜ ገብሬ ለጥር ታጭቶ ነበር። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጥርሱ ነጭ። ሙሽራ ያለ ጥላ አይሆንም፤ የዚያን ጊዜ ጥቁር ጥላ፣ እጀታው ቆልመም ያለ፣ መኳንንት ያስመስላል። ፍልሰታ ሲፈታ በግ ዋጋ ያወጣልና ገብሬ ሙክቱን እየነዳ ሙጃ ገበያ ወጣ፤ ሽጦ ጥላውን ሊገዛ። አባቴ በዚያው ቀን ላምባ ሊያመጣ ላሊበላ ወረደ። ሲወጣ እናቴን «ጉም ከመጣ አብሪው፤ ከአጠገቡም እንዳትነሽ» አላት። እናቴ «ዛሬ ነው እንዴ እዚህ ቤት የገባሁ?» ብላ ሳቀችበት። እውነቷን ነው፤ የፋኖሱን ብርጭቆ በየማለዳው በአመድና በነጠላ ቅዳጅ የምትወለውል እሷ ነበረች፤ ከአባቴ ይልቅ መብራቱን የምታውቀው እሷ ናት። ከቀትር በኋላ ጉሙ ተነሳ። አበራችና መስኮቷ ሥር ተቀመጠች፤ እኔ ቤት ውስጥ ባቄላ እከካለሁ።

ከዚያ የገብሬን ድምፅ ሰማን። «እማ!» መጀመሪያ ከመንገዱ አፍ፣ እንደታፈነ። እናቴ «ቀጥ ብለህ ና!» አለችው። እንደገና «እማ!» አለ፤ አሁን ግን ድምፁ የመጣው ከገደሉ ነው፣ ከአፍንጫው ሥር፣ አጠገባችን እንዳለ ሁሉ ጥርት ብሎ። እናቴ ተነሳች። ወጥቼ «የት ትሄጃለሽ?» አልኳት። «ልጄ መንገድ ስቷል፤ ገደሉ በኩል ነው» አለችኝ። «ማሚቶው ነው እማ፤ አባባ እኮ...» ስላት አላስጨረሰችኝም። «የልጄን ድምፅ አንቺ ልታስተምሪኝ?» አለችና ፋኖሱን ከመስኮቷ አነሳችው። አፍንጫው ላይ ወጣች፣ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች፣ «ገብሬ! ና ልጄ! ይኸው መብራቱ!» አለች። እሱም መለሰላት። ድምፁ ደስ ብሎት ነበር፤ ዛሬም ድረስ የሚያመኝ ይኸው ደስታው ነው። «አየሁት!» አለ። ቀጥ ብሎም መጣ። የመብራት ቤት ልጅ ነው፣ ሌላ አያውቅም። በመንገዱ አፍና በአፍንጫው መካከል ደግሞ ግማጩ አለ።

አስከሬኑን የአሸተን ሰዎች በሥር በኩል ዞረው አወጡት። ጥላው ግን ከገደሉ ወገብ ላይ በበቀለች ግራዋ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ማንም አይደርስበት። ነፋስ ሲነካው ይከፈታል፣ ይዘጋል። እስከ በጋ ድረስ እናቴ አፍንጫው ላይ ተቀምጣ ስታየው ትውላለች፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ነፋሱ ወሰደው። አባቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ከተዝካሩ ማግስት የበቅሎውን ሰንሰለት አመጣ፤ መስኮቷ ላይ የብረት ቀለበት አስመታና ፋኖሱን ከአለቱ ጋር አሰረው። ያኔ እናቴን ነው ያሰረው ብዬ ጠላሁት። አሁን ሳስበው እናቴ መብራቱን ላንሳ አላንሳ ብላ ዳግመኛ ብቻዋን እንዳትጨነቅ ያደረገላት ሰንሰለቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም እናት ብትለምን፣ ማንም ልጅ ቢጮህ፣ ሰንሰለቱ አለ። እሷም እስክትሞት ድረስ ብርጭቆውን መወልወል አልተወችም። ስትወለውል ግን ዓይኗን ወደ ሌላ አዙራ ነው።

አባቴም አረፈ፣ ዘመኑም ተለዋወጠ፣ የመኪናው መንገድ በሌላ በኩል ወጣ። ገበያተኛው ሳሳ፤ ላምባ የሚያመጣልንም ጠፋ። እህቴ ትንሽ ገፋችበት፣ እሷም ታመመችና ወረደች። ቤቱ ፈረሰ። አንድ ሰሞን መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ላሊበላ እንግዳ አጥታ፣ ደጃፉ ሁሉ ጭር ብሎ የከረመበት ክፉ ጊዜ መጣ፤ እሱም አለፈ። ሀብታሙ ጉም በር ላይ ሎጅ የጀመረው ክፉው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ብርታቱን አልነፈግሁትም፤ በዚያ ዘመን ስንቱ ወጣት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ብርጭቆውን አወጣሁለትና «የት ልትሰቅለው ነው?» አልኩት።

«አፍንጫው ላይ ነዋ! በረንዳ ሠርቼበታለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚያ ቢያዩት...»

የገብሬን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ለገዛ ልጆቼ እንኳ እንዲህ ዘርዝሬ ነግሬያቸው አላውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እፎይ፣ ገባው አልኩ። እሱ ግን እንባውን ጠራረገና «እማማ፣ እንግዳ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ታሪክ ነው። ለአስጎብኚዎቹ እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ይገድላል እያልኩህ ነው!»

«አሁን እኮ የመኪና መንገድ አለ። ማን በእግሩ ይመጣል?»

«አህያ መኪና ላይ አይሳፈርም።»

ሳቀ። «ደግሞ አጥር አለው፣ ዙሪያውን በደንብ አጥሬዋለሁ» አለኝ። አጥሩ በረንዳው ላይ ለሚቀመጠው ነው፤ ከማዶ ቀጥ ብሎ ለሚመጣው ምኑ ነው? ይህንንም ነገርኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጉልበቴን ስሞ፣ ፋኖሱን በፌስታሉ ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሰኔም ሐምሌም ወደ ተራራው ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም።

ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት የሎጁ ምረቃ ሆነ። ቀኑን ስሰማ ቀልቤ ጭራሽ አልወደደውም። በበቅሎ ወሰዱኝ። ሀብታሙ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ በግ ታርዷል፣ ጠጁ ይቀዳል፣ አንድ ልጅ ኪቦርድ ይመታል። የአባቴ ፋኖስ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በላምባው ፈንታ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ነጭ አምፖል ተከቶበት አፍንጫው ላይ ተንጠልጥሏል። ዞር ብዬ የድሮ ቤታችንን አየሁ። መስኮቷ አለች፣ ቀለበቱ አለ፣ ሰንሰለቱም ዝጎ አለ፤ የታሰረበት ነገር ብቻ የለም። ሳላስበው በአፌ «ደህና ዋልክ» የሚለው መጣብኝ፤ ዋጥኩት።

ጉሙ እንደ ልማዱ ከሥር ተነሳ። እንግዶቹ «እንዴት ያምራል!» ብለው ስልካቸውን አወጡ። መጀመሪያ ገደሉ ጠፋ፣ ቀጥሎ ማዶው፣ ቀጥሎ ከእኔ ራቅ ብለው የተቀመጡት ሰዎች። ሀብታሙ መጥቶ «አዩ እማማ፣ መብራቷ አሁን ነው ያማረባት» አለኝ። ያን ጊዜ በኪቦርዱ መሐል አንድ ድምፅ ሰማሁ። «ሆይ! መብራት ቤት!» ይላል። ሌላ ማንም አልዞረም።

«አጥፋው» አልኩት።

«ዘፈኑን?»

«መብራቱን! ሰው እየመጣ ነው፣ አጥፋው!»

«ኧረ እማማ፣ ገና አሁን እኮ...»

«አየሁት!» አለ ሰውየው ከማዶ። ያው ቃል ነው። ያው ደስታም አለበት።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። በከዘራዬ አንዴ ስመታው ብርጭቆው ረገፈ፤ አምፖሉ ግን አልጠፋም። ደገምኩት፤ ጠፋ። አያቴ ከደሴ አቅፎ ያመጣውን፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የወለወለችውን በገዛ እጄ ሰበርኩት። በጉም ቀን መብራት ያጠፋ የመብራት ቤት ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም። «ቁጭ በል!» ብዬ ጮህኩ። «ካለህበት ቁጭ በል!» ኪቦርዱ ዝም አለ። ከማዶ መልስ የለም። ገደሉ ብቻ የገዛ ድምፄን መለሰልኝ፤ «ቁጭ በል... ቁጭ በል...» ሰውየው የሚሰማው የእኔን ይሁን የገደሉን ማን ያውቃል? በልቤ ግን ይሁን አልኩ፤ «ና» ነው እንጂ ሰው የሚገድለው፣ «ቁጭ በል» ከየትም ቢሰማ ያው ቁጭ ነው። የሕጉን ሁለተኛ ግማሽ ካላወቀ ግን አለቀ።

ጉሙ እስኪሳሳ ድረስ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ከዚያ ሀብታሙና ሁለት አስተናጋጆች በአለቱ በኩል ዞረው ሄዱ። ሰውየውን ያገኙት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነው፤ ዱላውን ከፊቱ አጋድሞ፣ የአህያዋን ገመድ በክንዱ ጠምጥሞ። ከግማጩ አፋፍ ላይ ነበርና እግሩን ቢዘረጋ ኖሮ አየር ላይ ይሆን ነበር። ሀብታሙ ደግፎት ሲመለስ የራሱ ፊት አመድ መስሏል። ሰውየው አያ ደምሌ ይባላል፣ የሙጃ ሽማግሌ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ላሊበላ እየወረደ ነበር። ጠጅ ቢሰጡት አልቀበልም አለ።

«መብራቱን ማነው ያጠፋው?» አለ ተቆጥቶ። «ዓይኔ ፈዟል፣ ሌላ አይታየኝም፤ መብራቷን ግን አየኋት። እኔ እኮ መብራት ቤት ሰው ገባበት ብዬ ደስ እያለኝ ነው የመጣሁ!»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት አያ ደምሌ። ቦታው አልነበረም» አልኩት። የአባቴን ስም ነገርኩት፤ መስኮቷ የነበረችበትንም በእጄ አመለከትኩት። ወደ መስኮቷ ዞረ፣ ወደ አፍንጫው ዞረ፣ ቀስ ብሎ በእጁ አፉን ያዘ። «ወይኔ! ባለፈው ሳምንት ከላይ ከደጋው ሆኜ አይቻት ነበር እኮ» አለ። «ገበያ መሐል ቆሜ፣ ደስ ይበላችሁ፣ የጉም በር መብራት ተመለሰች ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ያልሰማ የለም።»

ሀብታሙ በዚያ ቀን እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። በላሊበላ ብሎ ማለ፤ መብራቱን ወደ መስኮቷ ሊመልሰው። ከልቡ ነበር፤ አውቀዋለሁ። የተሰበረውን ፋኖስ ወደ እኔ ላከው፤ ይኸው ከአልጋዬ ሥር ነው፣ ቀለም ቢቀቡትም አሁንም ላምባ ላምባ ይላል። ትናንት የልጅ ልጄ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ፤ ሀብታሙ ነው የላከው። አዲስ ፋኖስ ገዝቷል፣ ከድሮው የሚተልቅ። አፍንጫው ላይ ነው የሰቀለው። «አይስጉ እማማ፣ ሽቦው መስኮቷ ድረስ ስላልደረሰ ለጊዜው ነው። መንገዱ አፍ ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተክያለሁ፣ በሁለት ቋንቋ» ይላል። ጉም ውስጥ የቆመ ሰሌዳ! ለአያ ደምሌ ዓይን!

ዛሬ የገበያ ዋዜማ ነው። ሙጃዎች በዚህ ሰዓት አህያ ጭነው ተነስተዋል፤ መብራቷ መመለሷን ሰምተዋልና በአጭሩ መንገድ ነው የሚመጡት፣ ደስ እያላቸው። ከማለዳ ጀምሮ ስልክ ባስደውል ሀብታሙ አያነሳም፤ የልጅ ልጄን ባለበቅሎውን ፈልጊ ብዬ ከላክኋት ቆየሁ። ደጃፌ ላይ ቆሜ ሽቅብ አያለሁ። ጉሙ ከአሸተን በላይ ያለውን ሁሉ ሸፍኖታል። ከዘራዬ በእጄ ነው፤ ከዚህ ሆኖ ግን አይደርስም።